በባሕር ወደ አንኮበር

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ ያገለገለች ትንሽ የጃፓን መኪና ገዛን። ከአገሯ እስከ ጅቡቲ በመርከብ፣ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ በከባድ መኪና ተጭና ነው የመጣችው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ግን እኛው እየነዳን አመጣናት። ያን ቀን ደብረ ብርሃን ልንደርስ ስንል ከሬዲዮው በላይ ያለው ስክሪን ግራ አጋባኝ። ካርታ መሆኑ ያስታውቃል፤ ነገር ግን ሰማያዊ ብቻ ነው። በሰማያዊው መሃል አንዲት ቀይ ቀስት አለች። ስንሄድ ትሄዳለች፣ ስንቆም ትቆማለች።

በማግስቱ ሰፈራችን ላለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሳየሁት። ሽፋኑን ፈቶ ውስጡን ሲያይ ሳቀ።

“ከሳተላይት የሚቀበለው አንቴና ተቆርጧል” አለኝ። “መርከብ ላይ እስክትጫን ድረስ የት እንዳለች ታውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጎማዋን መዞር እያየች በግምት ነው የምትሄደው። መርከብና ከባድ መኪና ላይ ተጭና ስትመጣ ደግሞ ጎማዋ አልዞረም። ስለዚህ ባሕር መሻገሯን አታውቅም፤ አሁንም እዚያው አገሯ ያለች ነው የሚመስላት።”

“ታዲያ ባሕር ውስጥ ምን አስገባት?”

“ከአዲስ አበባ እየነዳሽ መጣሽ አይደል? ይዘሻት ገባሽ።”

ላውጣው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሬዲዮውም አብሮ እንደሚወጣ ሲነግረኝ ተወው አልኩት፤ ከዚያ በኋላም ረሳሁት።

ያስታወሰችኝ እናቴ ናት። እናቴ የቄስ ልጅ፣ የቄስ እህት ናት፤ አንኮበር ተወልዳ ደብረ ብርሃን ያረጀች፣ ባሕር በዓይኗ አይታ የማታውቅ ሴት። ባሕርን የምታውቀው ሙሴ ሲከፍለውና ጴጥሮስ ሊሰጥምበት ሲል ነው። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ የሚኖሩት የቄሱ ታላቅ ወንድሟ ልጅ፣ የአጎቴ ልጅ ማለት ነው፣ ሴት ልጅ ወለደችና አራሷን ልንጠይቅ ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን። እማዬ የገንፎውን ዱቄት ከኋላ አስጭና፣ ቅቤውን አላምናችሁም ብላ በእግሮቿ መሃል አድርጋ ከጎኔ ተቀመጠች።

ሞተሩን ሳስነሣ መኪናዋ ውስጥ ያለችው ሴት እንደ ልማዷ በጃፓንኛ አንድ ነገር ተናገረች።

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ?” አለች እናቴ።

“እማዬ፣ ሰላምታ ይሁን ስድብ በምን አወቅሽ?”

“ድምጿ የጨዋ ልጅ ድምፅ ነዋ!”

ከከተማው ወጣ እንዳልን ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ሰማያዊው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሠራተኛው የነገረኝን ነገርኳት። ቀሚሷን ከእግሯ ሰብሰብ አደረገች።

“እንግዲህ እሷ እንደምታስበው ከሆነ እኛ አሁን ባሕር ላይ ነን?”

“አዎ።”

“ይሄ ዳር ላይ ያለው አረንጓዴስ?”

እኔም ልብ ብዬው አላውቅም። በስክሪኑ ቀኝ በኩል ቀጭን አረንጓዴ ብቅ ብሏል። “የብስ ነው መሰለኝ” አልኳት።

እናቴ ከዚያ በኋላ መንገዱን አላየችም። ግራና ቀኝ የታጨደው ማሳ፣ ክላክስ እያንባረቁ የቀደሙን የሠርግ መኪኖች፣ ምኑም አልታያት። መንገዱ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ ቀስቷም ትታጠፋለች፤ ያኔ እኔን ትቆጣኛለች።

“ወዴት ነው የምትወስጂን? ከየብሱ አራቅሽን እኮ!”

“መንገዱ ነው የተጠማዘዘው፣ እማዬ።”

“ቶሎ መልሽው በይ።”

መንገዱ ሲመለስላት “እሰይ የኔ ልጅ” ትለኛለች፣ ዳገቱን ቆፍሬ ያቀናሁት ይመስል።

ጎረቤላ ደርሰን የአጎቴ በር ላይ ስንቆም አረንጓዴው ቀርቦ ነበር፤ ግን አልደረስንበትም። ሞተሩን ላጠፋ ስል እጄን ያዘችኝ። በዚህ መሃል አጎቴ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ፣ ጭራቸውን እንደያዙ ወጡ። እህታቸው አለመውረዷን ሲያዩ ደነገጡ።

“ምነው እህቴ? እግርሽን አመመሽ?”

“አይ አባ፣ ባሕር ላይ ነኝ።”

አጎቴ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ፍርሃት አልረሳውም፤ የእህታቸው አእምሮ ተነካ ብለው ነው። ቶሎ ብዬ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በመስኮቱ ጎንበስ አሉና ቀስቷን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ።

“ትንሽ ነው የቀራችሁ” አሉ በመጨረሻ።

እንደምንም ገባን። አራሷን ሳምናት፣ ሕፃኗን ተቀባበልናት፣ ገንፎ በላን። እናቴ ግን ልቧ መኪናው ውስጥ ነው። ጥቂት ቆይቶ የአጎቴ የድሮ ወዳጅ፣ አልዩ አምባ ጨርቅ የሚነግዱ ሽማግሌ፣ ስኳር ይዘው “እንኳን አላህ በሰላም ገላገላት” እያሉ ገቡ። አጎቴ “ሐጂ” እያሉ ነው የሚጠሯቸው። ሻይ ጠጥተው ሲያበቁ መሄድ እንዳለባቸው፣ ነገር ግን ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ መኪና እንዳጡ ተናገሩ።

ጉልበቷን እያሸች ካልተደገፈች የማትነሣው እናቴ ቀጥ ብላ ተነሣች። “እኛ እናደርስዎታለን!”

“እማዬ፣ ቁልቁለት ነው፣ ኮረኮንች ነው…”

አጎቴ ዱላቸውን አንሥተው በሩ ጋ ቆመዋል። አራሷ ከአልጋዋ ላይ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። “እኔን ልትጠይቁ ነው የመጣችሁት ወይስ ባሕር ልትሻገሩ?”

“ስንመለስ እንጠይቅሻለን” አለቻት እናቴ።

አጎቴና ሐጂ ከኋላ ተቀመጡ። ሴትዮዋ በጃፓንኛ ተናገረች፣ እናቴ እግዜር ይስጥልኝ አለቻት፣ ወረድን። ሐጂ ነገሩ ሲገባቸው ወደ ፊት ተጠግተው ስክሪኑን አዩ። ከአራታችን ባሕር ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

“ለሐጅ ስሄድ በአውሮፕላን ነው የተሻገርኩት” አሉ። “ደመናው ሲገለጥ ልክ እንደዚህ ሰማያዊ ነው።”

“ማዕበል ነበረው?” አለች እናቴ።

“ከላይ ሲታይ የተዘረጋ ሳቲን ነው። አንድ መጨማደድ የለበትም።”

ቁልቁለቱ ክፉ ነው። ሁለት እጄን መሪው ላይ ጨምድጄ በአንደኛ ማርሽ እወርዳለሁ፤ ጠጠሩ ከሥር ይንጣጣል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ገደሉን ከነመኖሩም ረስተውታል። ቀስቷ ወደ አረንጓዴው ትጠጋለች፣ መንገዱ ይታጠፋል፣ ትሸሻለች። አንዴማ ጫፉን ልትነካ ምንም ሳይቀራት ዞረችና ሁሉም በአንድ ድምፅ “ኧረ!” አሉ። ከዚያ ከባሕሩ ዳርቻ ጋር ጎን ለጎን መሄድ ጀመረች፤ ከዚህ የባሰ ስቃይ የለም።

“ኢንሻአላህ እንደርሳለን” አሉ ሐጂ።

“በእግዚአብሔር ቸርነት” አሉ አጎቴ።

አየሩ ሞቅ እያለ መጣ። የግራር ዛፎች ታዩ። አንዱን ጥምዝምዝ ጨርሰን ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ስንወጣ እናቴ “ቁሚ! ቁሚ!” ብላ ጮኸች። ፍሬን ያዝኩ። ቀይዋ ቀስት አረንጓዴው ላይ ናት።

እናቴ እልል አለች። እልልታዋ ጠባቧን መኪና ሞላት። ሐጂ “አልሐምዱሊላህ” እያሉ የአጎቴን ትከሻ ይመታሉ፤ አጎቴ ሳቅ ይዟቸው እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እኔም ያ ሁሉ ፍርሃት ከትከሻዬ ላይ ወረደና መሪው ላይ ተደፍቼ ሳቅሁ። ከዚያ ሁላችንም ወረድን። እናቴ አንድ እግሯን መጀመሪያ ቀስ ብላ አሳረፈች፣ መሬቱን ፈተነችው፣ ከዚያ ሁለተኛውን አስከተለች።

መንገድ ዳር ማሽላ አህያ ላይ የሚጭን ገበሬ ሥራውን አቁሞ ያየናል።

“ምን ሆናችሁ ነው?”

“ከባሕር ወጣን” አሉት አጎቴ፣ ጥምጥማቸው ወደ ጎን ዘንበል ብሎ።

ሰውየው መኪናዋን አየ፣ አራታችንን አየ። “እንኳን በደህና ገባችሁ” አለና ወደ ጭነቱ ተመለሰ።

አልዩ አምባ ሐጂ ቤት ሳንገባ መሄድ አልተቻለም። ባለቤታቸው ቀዝቃዛ ውሃና የተቆረጠ ፓፓያ አቀረቡልን። እናቴ የደብረ ብርሃንን ብርድ ፈርታ የደራረበቻቸውን ሹራቦች አንድ በአንድ አወለቀች። ወንድሟና እሷ ልጆች ሳሉ ከአባታቸው ጋር ጨውና በርበሬ ለመግዛት እዚህ ገበያ ይወርዱ ነበር። አሁን ፓፓያውን እየበሉ፣ ያኔ ዳገቱን ሲመለሱ ተሸከሙኝ ብሎ ያለቀሰው ማን እንደነበር ይከራከሩ ጀመር።

“አንቺ ነሽ።”

“አባ፣ ካህን አይዋሽም! እርስዎ ነዎት። አባታችን በቅሎዋ ላይ ያወጣው እርስዎን ነው።”

“በቅሎዋ ላይ የወጣሁት ጨውን እንድጠብቅ ነው።”

ሐጂ “ጨው ምን እንዳይሆን ነው የሚጠበቀው?” ብለው ሲጠይቁ አጎቴ ጥምጥማቸውን ማስተካከል ያዙ። እናቴ አሸንፋ ሌላ ቁራጭ ፓፓያ አነሣች።

ስንመለስ እናቴ ከኋላ፣ ከወንድሟ ጎን መቀመጥ ፈለገች። ዳገቱን ስንጀምር ክርክሩ አሁንም አላበቃም ነበር፤ ግማሽ ላይ ስንደርስ ግን ድምፅ ጠፋ። በመስታወቱ ሳይ አጎቴ አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ ራሳቸውን እህታቸው ትከሻ ላይ ጥለው ተኝተዋል። ብርዱ እየመጣ ነበር። እናቴ በአንድ እጇ ሹራቧን ጎትታ ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

“ጉድጓዱን ተጠንቀቂው” አለችኝ በሹክሹክታ። “እንዳይነቃ።”