ከሙሽራው ወገን

አባቴን ተዋናይ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልገፋፋኝም። በፊልሜ ውስጥ የሙሽሪት አባት ሆኖ ሊሠራ ቃል የገባልኝ የቲያትር ሰው ቀረጻው ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ክፍለ ሀገር ሥራ አገኘሁ ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። በንዴት ሳሎን ውስጥ ስንጎራደድ አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። ሽበቱ ያምራል። ድምፁም ከግቢ ውጭ ይሰማል፤ ዕድሜውን በሙሉ እዚሁ አቃቂ ውስጥ የሽመና ማሽን ሲጠግን ስለኖረ ዝግ ብሎ ማውራት አይችልበትም።

"አባዬ፣ አንተ ለምን አትሠራውም?" አልኩት።

"ምኑን?"

"አባት መሆኑን።"

"እሱንማ ስንት ዓመት ሠራሁት" አለኝና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ።

ያኔ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ የአማርኛ ፊልም ሲኒማ ቤት ገብቶ ሰው ሰልፍ የሚይዝበት ሰሞን ነበር። ሰልፉ የሚረዝመው ደግሞ ለኮሜዲ ነው፤ ስለዚህ እኔም ኮሜዲ ጻፍኩ። ታሪኩ ቀላል ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ልጅህን ለልጃችን ብለው ይመጣሉ፣ አባትየው በየሰበቡ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣቸዋል፣ እነሱም አይሰለቹም። ቤቱ የራሳችን ቤት፣ ግቢው የራሳችን ግቢ ነው። ካሜራው የካሜራማናችን ነው፤ እሱም እንጀራው ሠርግ መቅረጽ ነው። ማይክራፎኑን በመወልወያ እንጨት ጫፍ ላይ አሥረነዋል። የፀሐይ ብርሃን የምንመልስበት ደግሞ ከእናቴ ማጀት የወሰድኩትን ፎይል የለጠፍንበት ቡሽ ነው። ከጎረቤት ያለው ወፍጮ ቤት ሲነሳ ሥራ እናቆማለን፣ ሲያርፍ እንቀጥላለን።

በመጀመሪያው ቀን ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ በራፉ ላይ ቆመው "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። አባቴ "ለመሆኑ ምን እግር ጣላችሁ?" ብሎ ጠየቃቸው። የመጡበትን ዘርዝረው ነገሩት። ራሱን እየነቀነቀ በጥሞና ሰማ። ሲጨርሱ ቀና ብሎ "ታዲያ ምን እግር ጣላችሁ?" አላቸው።

ጽሑፉ ላይ እንዲህ የሚል የለም። ካሜራማኑ በሳቅ ተንቀጥቅጦ ቀረጻው ተበላሸ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በመድረክ የኖረ ሰው፣ ሆዱን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ደግመን ስንቀርጽ አባቴ ያንኑ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። እኔም እስክሪብቶ አውጥቼ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲያ አሠራራችን ይኸው ሆነ፤ አባቴ ይረሳል፣ እኔ እጽፋለሁ። ማታ ማታ የቀረጽነውን ሳይ እንዴት ያለ ተሰጥኦ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል እያልኩ እኮራ ነበር። ኩራቱ ግን ሙሉ አልነበረም።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት በርሜሉ አጠገብ ፊቴን ስታጠብ እናቴ መጣች።

"ዛሬ ይቅርበት" አለችኝ።

"ምኑ?"

"አባትሽ። ንጋት ላይ ተነስቶ የሥራ ቱታውን ሲፈልግ ደረስኩበት። ፈረቃዬ ደርሷል አለኝ። ጡረታ ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሕልም ይሆናላ እማዬ። ደክሞት ነው።"

"ሚስቱ ነኝ፣ ድካሙን አውቀዋለሁ። ይሄ ድካም አይደለም።"

አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። ከሁለት ወር በፊት ከዕድር ስብሰባ ሲመለስ መንገዱ ጠፍቶት ቤት ያደረሰው አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። እኛም መንገዱ ስለተቆፈረ ግራ ገብቶት ነው አልን። ሌላ ቀን እኔን በሞተች እህቱ ስም ጠራኝ፤ መልካችን ስለሚመሳሰል ነው አልን። ሰው ማየት ያልፈለገውን ነገር ላለማየት ምክንያት አያጣም። እኔ ደግሞ በዚያ ጠዋት አንድ ትዕይንት ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ አባትየው እሺ ብሎ ልጁን የሚሰጥበት የመጨረሻው ትዕይንት። ያ ከሌለ ፊልሙ የለም። የገና በዓል አልፎ የሠርግ ሰሞን ሊከፈት ነው፣ ካሜራው ከነገ ጀምሮ አይገኝም። ከሠርጉ ሰሞን በኋላ ደግሞ አባቴ የሚሠራበት ሁኔታ ላይ መኖሩን እርግጠኛ አልነበርኩም። አዎ፣ ይህንንም አስቤዋለሁ። ፊልሜን ወይም አባቴን ከሚል ምርጫ ፊት ቆሜ ፊልሜን ነው የመረጥኩት።

"ዛሬን ብቻ" አልኳት። "ነገ ራሴ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ።"

እናቴ "አንቺ ታውቂያለሽ" ብላ ወደ ማጀት ገባች።

አባቴ በጥሩ ሁኔታ ነው የጀመረው። ነጭ ጋቢውን ለብሶ በረንዳ ባወጣነው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ሽማግሌዎቹን ሰላም አላቸው፣ ቀለዱ፣ ሳቁ። መናገር ያለበት "በሉ ልጄን ሰጥቻችኋለሁ፣ ውሰዱልኝና ልረፍ" የሚለውን ነው። እዚያ ሲደርስ ቆመ። ግድግዳውን አየ። እንደለመድነው አንድ የሚያስቅ ነገር እስኪናገር ጠበቅን። ምንም አልመጣም።

ለሁለተኛ ጊዜ ስንጀምር ወፍጮ ቤቱ ተነሳ። እስኪያርፍ ስንጠብቅ አባቴ ላብ አላበው፤ ጋቢውን አውልቆ መልሶ ለበሰው፣ እንደገና አወለቀው። ሦስተኛው ላይ ቃሉን ጀምሮ መሃል ላይ ጣለው። አራተኛው ላይ "ልጄን" አለና ቀጥሎ ያለውን ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣው። ፀሐይዋ ከበረንዳው እየሸሸች ነው። ካሜራማኑ ሰዓቱን ያያል። እኔ ስሜታዊ ሰው ነኝ፤ ቶሎ እነዳለሁ፣ ከነደድኩ ደግሞ ማን ፊት እንዳለሁ አይታየኝም።

"አባዬ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እኮ ናት" አልኩት፣ እየጮህኩ። "አንድ። ሕፃን ይይዛታል።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ምንም ሳያጠፋ ድንገት እንደተጮኸበት ሰው በግርምት አየኝ። ከዚያ ፊቱ ላይ የነበረው ግርምት ቀስ ብሎ ወደ ትሕትና ተለወጠ። ያን ትሕትና አውቀዋለሁ፤ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ለማስፈጸም ስንሄድ ለማያውቃቸው ሰዎች የሚያሳየው ነው። ጋቢውን አስተካከለ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለኝ። "እርስዎ ከሙሽራው ወገን ነዎት?"

ሳቁ ፈነዳ። ካሜራማኑ ካሜራውን አላጠፋም ነበር፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ወደ አባቴ ፊት ቀረበ። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አባቴ አልሳቀም። መልሴን ይጠብቃል። ወላጅ አባቴ እርስዎ ብሎኝ፣ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ ጠይቆኝ፣ በጨዋነት ይጠብቃል።

ያኔ ማቆም ነበረብኝ። ካት ብዬ፣ ሄጄ አቅፌው፣ ሰዎቹን ወደየቤታቸው መሸኘት ነበረብኝ። እኔ ግን ብርሃኑን አየሁ፣ ካሜራው እየሠራ መሆኑን አየሁ፣ እና እንዲህ አልኩ፤

"አዎ፣ ከሙሽራው ወገን ነኝ።"

"እንኳን ደህና መጡ" አለኝ። ድምፁ ከስንት ጊዜ በኋላ ዝግ አለ። "እንግዲህ ሰጥቻለሁ። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ቶሎ ትቆጣለች፣ ቂም ግን አታውቅም። ስትቆጣ አይመልሱላት፣ ዝም ይበሏት፣ ራሷ ትመጣለች። ሥራ ከያዘች እህል አይታያትም። ብዪ የሚላት ሰው ያስፈልጋታል። እስከ ዛሬ እኔ ስላት ኖሬያለሁ፤ ከእንግዲህ እናንተ ናችሁ የምትሏት። አሁን ደግሞ ፊልም የሚባል ነገር ይዛለች። ምን እንደሆነ አልገባኝም። ደስ ስላላት እኔም ደስ ብሎኛል። እሱን አትከልክሏት። አደራ።"

የሚስቅ ሰው አልነበረም። ካሜራማኑ ዓይኑን ከካሜራው ላይ አንስቶ እኔን አየኝ፤ ገብቶታል። እኔም አባቴን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ አልኩት።

"አደራዎን ተቀብያለሁ" አልኩት።

ካት ያለው ካሜራማኑ ነው። ያልገባቸው አጨበጨቡ፣ የመጨረሻ ቀን ስለሆነ። ያ የመድረክ ሰው መጥቶ እጄን ጨበጠኝ፤ "አባትሽ ሲፈጠር ተዋናይ ሆኖ ነው የተፈጠረው፣ እኛ በትምህርት ያጣነውን እሱ አለው" አለኝ። አመሰገንኩት።

ያ ቀረጻ ፊልሙ ውስጥ አለ። አላወጣሁትም። አደራውን የሰማ ሰው ጎበዝ ደራሲ ነሽ ብሎኛል፣ እኔም አላስተባበልኩም። ፊልሙ በተመረቀበት ቀን አዳራሹ ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ ውጭ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ሰዉ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው "እርስዎ ከሙሽራው ወገን ነዎት?" ሲል ነው። ሐኪሙ በኋላ ለእናቴ እንደነገራት ቀደም ብለን ብንወስደውም ብዙ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። እናቴ ይህን ደጋግማ ትነግረኛለች፣ እንድጽናና። እኔ የምጸጸተው በሕክምናው አይደለም። የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፣ ልጅህ ነኝ ማለት ስችል ሌላ ሰው ነኝ አልኩት።

ያን ቀን ቀረጻው እንዳለቀ እናቴ ለሁላችንም ምሳ አቀረበች። ዕቃ እየተጠቀለለ፣ ገመድ እየተሰበሰበ ሳለ አባቴ እጁን ታጥቦ ትሪው አጠገብ ተቀመጠ። አልነካውም።

"ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል" አለችው እናቴ።

"ልጄ ሳትመጣ?"

እናቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ከፊት ለፊቱ፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሜያለሁ። ይቺውልህ ልትለው ስትል በዓይኔ ከለከልኳት። ሰው ፊት አታውቃትም እንዴ መባሉን አልፈለግሁም።

ከግቢ ወጣሁና የቆርቆሮውን በር ከኋላዬ ዘጋሁት። በቀረጻ ጊዜ ኮፍያ አደርጋለሁ፤ ምናልባት ኮፍያው ይሆናል ብዬ አወለቅሁት። ፀጉሬን በእጄ አበጠርኩ። የቤት ዕቃ የጫነ አንድ ጋሪ እስኪያልፍ ዓይኔን ጠረግሁ። ከዚያ በልጅነቴ ከትምህርት ቤት፣ በኋላም ከሥራ ስመለስ እንደማደርገው በሩን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጌ ገባሁ።

"አባዬ፣ መጣሁ" አልኩ።

አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። አባት ለልጁ አይነሳም፤ ሲነሳልኝ ነው ነገሩ ያለቀለት መሆኑን ያወቅሁት።

"ይግቡ፣ ይግቡ" አለኝና ከእሱ ጎን ያለውን በርጩማ አቀረበልኝ። ከዚያ በትከሻዬ አሻግሮ በሩን አየ። "መንገድ ላይ ልጄን አላገኟትም?"

"አግኝቻታለሁ" አልኩት። "እየመጣች ነው።"

ደስ አለው። "እንግዲያው እንጀምር። እንግዳ ማስጠበቅ ነውር ነው፣ እሷ ትደርሳለች" አለ። እንጀራውን ቆረሰ፣ ወጡን አጥቅሶ በደንብ ጠቀለለ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ አፌ ዘረጋ። እንግዳ ነኝና ጎረስኩ።