ለካርድ ማሽኑ ንግድ ፈቃድ ሲጠየቅ

ማሽኑን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ታናሽ ወንድሜ «የእኔ ሐሳብ ነበር» እያለ እንዳያወራ።

ሱቄ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት መግቢያ አካባቢ ነው። እስረኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ሳሙናውን፣ ሶፍቱን፣ ነጠላ ጫማውን ከእኔ ይገዛል። ከሩቅ የመጡት ደግሞ ካርዳቸውን ይዘው የሚሠራ ኤቲኤም ፍለጋ ሲንከራተቱ የመጠየቂያው ሰዓት ያልፍባቸዋል። አንዲት ሴትዮ እንዲህ ሰዓት አልፎባቸው ደጃፌ ላይ ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ አየሁና በማግስቱ ባንክ ሄጄ በካርድ የሚያስከፍል ማሽን እንዲተክሉልኝ አመለከትኩ።

ባንኩ ማሽኑን የሚተክል ሰው እልካለሁ አለ። እኔም ሰርግ የደገስኩ ይመስል ሽር ጉድ! መደርደሪያውን አጠብኩ፣ ኤሌክትሪሲያን ጠርቼ ባንኮኒው ጋ ሶኬት አስገጠምኩ፣ ኔትወርክ የቱ ጋ እንደሚሻል ስልኬን ይዤ እየዞርኩ ሞከርኩ። ንግድ ፈቃዱን ብቻ ወንድሜ እንዲያመጣ ነገርኩት፤ በየዓመቱ የሚያሳድስልኝ እሱ ነው። ሱቅ ዘግቼ ወረፋ ስጠብቅ አልውልም ብዬ ውክልና ሰጥቼዋለሁ። ውክልናውን የፈረምኩ ቀን የውልና ማስረጃ ቢሮዋ ሠራተኛ «አንብበሽዋል?» ስትለኝ፣ «ኧረ ለወንድሜ ነው!» ብዬ ሳቅሁባት። የእናቴን ልጅ ወረቀት መመርመር ነውር መስሎኝ። ቂሏ እኔ!

ከባንኩ የመጣችው ልጅ ማሽኑን ከካርቶኑ አወጣች። ወንድሜ ፈቃዱን ሰጣት። ቅጹን እየሞላች፣ «ባለቤቱ እርስዎ ነዎት? እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለችው። ተሳስታ መሰለኝ።

«ባለቤቷ እኔ ነኝ፣ የኔ ቆንጆ» አልኳት።

ፈቃዱን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ፎቶው የእሱ፣ ስሙም የእሱ። ክው አልኩ።

ወንድሜ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «እህቴ ናት፤ ካሸራችን እሷ ናት። አጠቃቀሙን ለእሷ አስረጂልኝ» አላት።

ወይ ጉድ! ከአንዲት የቆርቆሮ ኪዮስክ ጀምሬ እዚህ ባደረስኩት ሱቅ ካሸር ሆኜ አረፍኩት!

ልጅቷ ፊት ላለመዋረድ ክንዱን ይዤ ወደ ውጭ ጎተትኩት። «በሰጠሁህ ውክልና ወደ ስምህ አዞርከው?» አልኩት።

«እትዬ፣ ምን ለውጥ አለው? የቤተሰብ ነው። እማዬም ታውቃለች» አለኝ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ፣ ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ደሜ ፈላ። ቢሆንም እማዬ ታውቃለች ያለውን አላመንኩትም። እናቴ እንዲህ ያለ ግፍ ሰምታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም፤ ሰፈሩን በአንድ እግሩ ታቆመዋለች። እዚያው ቆሜ ደወልኩላትና ያደረገኝን ነገርኳት። እስክትጮህ ጠበቅሁ፣ እስክትረግመው ጠበቅሁ።

እሷ ግን፣ «አንቺማ ነገ ባል ታገቢ የለ እንዴ፣ ልጄ? ሱቁ ባዳ እጅ እንዳይገባ ብለን ነው» አለችኝ።

«እማዬ፣ አርባ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው! እሱን ሳስተምር አይደል እንዴ ሳላገባ የቀረሁት?»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለችኝ።