ከቅጥሩ ውጭ የዛቅኋት አፈር

አይ፣ እኔ አላምንም። ዶክተር ይሁኔ አረፉ?

ጠዋት ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው የመሥሪያ ቤታችን ቴሌግራም ላይ ያየሁት። «ሌላ ይሁኔ ነው» አልኩ። ፎቷቸውን እያየሁ ሌላ ይሁኔ ነው እላለሁ! ባለባጃጁ «እህቴ፣ ደርሰናል እኮ፤ አትወርጅም?» እስኪለኝ ድረስ ተቀምጬ ቀረሁ።

ለማታውቋቸው፣ ዶክተር ይሁኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናቸው። አፈር ውስጥ ያለውን ጨረር ለክተው የረግረግ ጭቃ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ማሳ ምን ያህል አፈር እንዳጣ የሚናገሩ ተመራማሪ ነበሩ። እኔ ያን ጊዜ ማንኩሳ አካባቢ አዲስ የተቀጠርኩ የግብርና ባለሙያ ነኝ። አገሩን እንዳሳያቸው ተመድቤ አንድ በጋ ሙሉ አብሬያቸው ዞሬያለሁ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ናሙናው በላስቲክ ሆኖ ሲመጣላቸው ከፍ አድርገው ያዩትና «እሺ እመቤት፣ አገርሽ የት ነው?» ይላሉ። አፈሯን ነው እንግዲህ! ያመጣት ሰው ይመልስላታል፤ «ከአያ ሙላት ማሳ፣ ከላይኛው ጫፍ» እንላለን፣ ይጽፋሉ። መጀመሪያ ቀን ሳቄ አመለጠኝ። «ሳቂ፣ ሳቂ፤ ይቺ ግን ካንቺ ይልቅ ብዙ አይታለች» አሉኝ።

ዛሬ የምጽፈው ግን እሳቸውን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ፊቴ እየነደደ የምነግራችሁ ነገር አለኝ።

ሥራቸው እንዲህ ነበር። ድሮ ትልልቆቹ አገሮች ቦምብ ሰማይ ላይ ሲሞክሩ የተነሣው ብናኝ ከዝናብ ጋር በየአገሩ ወርዷል። እኛም ጋ፣ እስከ ፈረስ ቤት ደጋ ድረስ ወርዷል። ሲዝየም ይሉታል፤ አፈር ላይ ሙጭጭ ይላል። ያልተነካ መሬት ላይ እስከ ዛሬ አለ፤ ጎርፍ አፈሩን ሲወስደው ደግሞ አብሮ ይሄዳል። ያልተነካውን ከታረሰው ጋር ካስተያዩት ምን ያህል አፈር እንደሄደ ይታወቃል። ያልተነካ መሬት እኛ አገር የት አለ? የቤተክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው።

ቄሰ ገበዙን አስፈቀዱ፤ መቃብር ከሌለበት ጎን እንዲወሰድ ተባለ። እሳቸው ከተማሪዎቻቸው ጋር ወደ ማሳው ሊወርዱ ሆነ፤ ጉልበታቸው ዳገት አይወድም ነበር። የብረት ቱቦውንና መዶሻውን ሰጡኝና «ትርንጎ፣ አንቺ ወደ ላይ ውጪ። ለዚች ካንቺ በላይ የማምነው የለም» አሉኝ።

ያን ሳምንት የወር አበባ ላይ ነበርኩ። እኛ ጋ ያደገች ሴት እንዲያ ሆና ቅጥር አትገባም፤ በር ላይ ተሳልማ ትመለሳለች። «ዶክተር፣ ዛሬ አልችልም» ብል ይበቃ ነበር። ሴት ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው፤ ለምን ብለውም አይጠይቁኝም ነበር። ግን አባቴን የሚያህሉ ሰው፣ ተማሪዎቹም ሁሉ ወንዶች፤ እንዴት ብዬ? አፈርኩ። ቱቦዬን ተሸክሜ ወጣሁ።

በሩ ጋ ተሳለምኩና ቆምኩ። ከቅጥሩ የድንጋይ ካብ ውጭ ለምለም ሣር የለበሰ ቦታ አለ። «ያው ነው፤ በካብ ወዲህና ወዲያ ምን ልዩነት አለው?» አልኩና ቱቦውን እዚያ መታሁ።

ስወርድ ላስቲኳን አነሷት። «እሺ እመቤት፣ አገርሽ የት ነው?»

«ከቅጥሩ ውስጥ» አልኩ።

ጻፉ።

ለካ ያ ቦታ የድሮ አውድማ ነበር። አውድማ በየዓመቱ ይፋቃል፣ ይጠረጋል፣ በእበት ይለቀለቃል፤ የላዩ አፈር ከነሲዝየሙ የት እንደደረሰ እግዜር ይወቀው። የገበሬ ልጅ፣ ያውም የግብርና ባለሙያ ተብዬ፣ ሣሩ ሸፍኖብኝ አላየሁም። ኧረ ማየትም አልፈለግሁም።

ከወራት በኋላ ደወሉልኝ። «ትርንጎ፣ በዚህ አያያዝ እኮ የአያ ሙላት ማሳ አፈር ጨምሯል ማለት ነው!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቁን አቆሙና «ያቺ የላይኛዋ ናሙና ከቅጥሩ ውስጥ ናት አይደል?» አሉኝ።

የመጀመሪያው እፍረት ነው እንበል፣ ልጅነት ነው እንበል። ሁለተኛውን ምን ልበለው? በስልክ ነን፤ ፊቴን እንኳ አያዩትም። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁና «አዎ ዶክተር፣ ከውስጥ ናት» አልኩ።

አመኑኝ። እኔን ከመጠርጠር መለኪያቸውን ጠረጠሩ፤ ያን ሁሉ ልፋት ተዉት። አንድ ስብሰባ ላይ አንዱ ሹም «ማሳ አፈር ሲጨምር ያዩት ዶክተር» እያለ ሲያሾፍባቸው እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። አንገቴን ደፍቼ ማስታወሻ የምጽፍ መሰልኩ። እርከን ይሠራበት ብለው የተሟገቱለት ተዳፋትም እንዲሁ ቀረ። ዛሬ ሂዱና እዩት፤ የአያ ሙላትን ማሳ ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር ግማሹን በልቶታል። አያ ሙላት ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ፣ እኒያ ዶክተር ምን አሉ?» ይሉኛል።

ዶክተር ለፋሲካ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲመጡ በአካል እነግራቸዋለሁ አልኩ። ፋሲካ አለፈ። ለመስቀል መጡ፤ ቤታቸው ሄጄ የወሬ መዓት አውርቼ ይቺን ብቻ አስቀርቼ ተነሣሁ። በር ድረስ ሸኙኝና «እንዳንቺ ያለ አንድ ሰው ብጨምር የት በደረስኩ» አሉኝ። መሬት ብትሰነጠቅ ገብቼባት ነበር።

ተማሪዎቻቸው፣ ይኼን ካነበባችሁ ያቺን ናሙና ጣሏት። ቄሰ ገበዙን እኔ ራሴ ለምኜ አስፈቅዳለሁ፤ ከውስጥ እንደገና ይወሰድ። የአያ ሙላት ማሳ ገና ግማሹ አለ። መሥሪያ ቤቴም የፈለገውን ያድርገኝ።

ዶክተር፣ መለኪያዎ ልክ ነበር። እርስዎም ልክ ነበሩ። በሰው ፊት መሳቂያ ያደረግሁዎት እኔ ነኝ።

ነገ ፍኖተ ሰላም አፈር ሲያለብሱዎት እመጣለሁ። አይክበድዎ፤ ዕድሜዎን ሙሉ ሲያነጋግሯት የኖሩት አፈር ናት። እኔን ግን ዛሬ አይጠይቁኝም፤ ሳይጠይቁኝ ልመልስ። ያቺ እመቤት አገሯ ከካቡ ውጭ ነው፣ ከድሮው አውድማ ላይ።

«ከውስጥ» የሚለውን ይሰርዙና ይጻፉልኝ።