የኢክራም ሳንባ

መጀመሪያ የመጣው ላብ ነው። አንሶላው ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ እነቃለሁ፤ ትራሱን ገልብጬ እንደገና እተኛለሁ። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ይደነግጥ ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ግን ላብ በሽታ ነው ብሎ ማን ያስባል? ሙቀቱ ሲገባ ግማሹ ሰፈር አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚያድረው። ባለቤቴ ጀማልም ያልበዋል፣ ልጆቹም ያልባቸዋል። እኔ ትንሽ በዛብኝ፣ በቃ።

ይህን የምጽፈው ልጅ እያሳደጉ ለሚማሩ፣ ሳል ይዟቸው «ፈተናው ይለፍና እታያለሁ» ለሚሉ እናቶች ነው።

ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን ትምህርት በተዋስኩት መጽሐፍ፣ በሬዲዮ፣ ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ሳይቀር ራሴን በራሴ አስተምሬ፣ በግል ተፈትኜ ነው ነርሲንግ የገባሁት። ጀማል ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ይሠራል። ትልቁ ልጄ ሙአዝ ትምህርት ቤት ይውላል። ትንሿን ኢክራምን ግን የሚይዝልኝ አልነበረም። ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ ትጠባለች፣ እኔ በሄድኩበት ትሄዳለች። ጥናትም ቢሆን።

የምናጠናው መሠረት ቤት ነበር። መሠረት የክፍላችን ልጅ ናት፤ እንደኔው እናት፣ ሳቢያን ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ። ከምሳ በኋላ ከተማው ሲተኛ እኛ ፍራሽ ላይ እንደረደራለን። እነሱ ጫት ይቅማሉ። እኔ ስለማጠባ አልቅምም፤ ሻይ እቀዳለሁ፣ ሞጁሉን ጮክ ብዬ አነባለሁ። በርጫ ላይ ደግሞ መስኮት አይከፈትም፤ ንፋስ ከገባ ምርቃናው ይሰበራል። በሩ ገርበብ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ ስድስት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ።

«አቦ ትንሽ ልክፈተው፣ ልጅቷ ታፈነች» እላለሁ።

«አንቺ ያልቃምሽ፣ በኛ ምርቃና ምን አገባሽ?» ይሉኛል። «ደግሞ እሷ ምን ሆነች? ከሁላችን ቀድማ የሲኦሲን የብቃት ፈተና የምታልፍ እሷ ናት።»

እውነትም ኢክራም አታስቸግርም ነበር። መሠረትን ትወዳታለች። ንባቡ ሲረዝምባት መሠረት ደረት ላይ ወጥታ ትተኛለች። መሠረት ትስላለች፣ ልጅቷ ከደረቷ ጋር ከፍ ዝቅ ትላለች። ስለ ሳሉ ስንጠይቃት «የመንገዱ አቧራ ነው» ትለናለች። አቧራው ደግሞ እውነት አለ።

አንድ ቀን ምዕራፉ ቲቢ ሆነ። አነበብኩላቸው፦ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የክብደት መቀነስ። በቃላችን እስክንይዘው ደጋገምነው። መሠረት እየሳለች ያዘችው። እኔ እያላበኝ ያዝኩት። ፈተናው ላይ ጥያቄው መጣ፤ ሁለታችንም አገኘነው።

ብዙ ሳይቆይ መሠረት «አከራዬ ሰው አታብዢ ብላኛለች» ብላ ጥናቱን አቆመችው። ትንሽ ቅር አለንና ሌላ ቤት ቀየርን።

የኔም ሳል ጀመረ። ቀሚሴ ሰፋኝ፤ ጎረቤቶቼ «ትምህርቱ አሳመረሽ» ይሉኝ ነበር፣ ደስም አለኝ። ያስጨነቀችኝ ኢክራም ናት። መብላት ተወች። ጉንጯ ጎደለ። መጫወት ትታ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች። አንዴ ቶንሲል ነው፣ አንዴ የሆድ ትል ነው እያሉ ክሊኒክ ሽሮፕ ሰጡን። ሽሮፑን ጨረሰች። አልተሻላትም።

ከዚያ ሻርፔ ላይ ደም አየሁ።

ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ከሌላ ከተማ የመጣ ወጣት ነው፣ «እርስዎ» ይለኛል። ድሬ ላይ ሁላችንም አንተና አንቺ ነን። ሰው እርስዎ ሲለኝ ፈራሁ። አክታ ሰጠሁ። ጂን ኤክስፐርት በሚባለው ማሽን ተመረመረ። ውጤቱ በማግስቱ መጣ።

«የሳንባ ቲቢ ነው። ይድናል» አለኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ቤት ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ አለ?»

የራሴን በሽታ የዚያን ጊዜ ረሳሁት።

ከጀማል ጋር ኢክራምን አመጣናት። ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃኑ አዞረው። የሳንባዋ ሥር አካባቢ ዕጢዎቹ አብጠዋል። ትንሽ ልጅ አክታ መትፋት አትችልም። ስለዚህ ናሙናው ከጨጓራዋ ነው የሚወሰደው። በአፍንጫ በኩል፣ በቱቦ። ያን ቱቦ አውቀዋለሁ። ኮሌጅ ውስጥ አሻንጉሊት ላይ ተለማምጄዋለሁ። አሻንጉሊት አይታገልም።

«እጇን ይያዙልኝ» አለኝ።

ያዝኩ። ጮኸች። ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ለምን እንደያዝኳት አልገባትም። ቱቦው ገባ። ድምጿ ጠፋ፣ አፏ ብቻ ይከፈታል። ወጣ። ከዚያ በኋላ እጄን ስዘረጋላት ወደ አባቷ ዞረች።

በእሷም ተገኘ።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያው የሆነውን ሊያስረዳኝ ብሎ «ከሁለት ወር በፊት ቢታወቅ መከላከያ መድኃኒቱ ብቻ ሊበቃት ይችል ነበር» አለኝ። ያቺን ንግግር ይዣት ወጣሁ።

የቲቢ ክፍሉ ከግቢው ጀርባ፣ ለብቻው ነው። በሳምንቱ መጀመሪያ ኢክራምን አዝዬ ጠዋት ደረስኩ። አንዲት ሴት ሻርፕ ፊቷ ላይ ጥላ፣ የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዛ ኪኒኗን ትውጣለች። ሲስተሯ «ጎበዝ መሠረት፣ ሁለተኛውን ምዕራፍ ጀመርሽ እኮ» አለቻት። ሁለተኛው ምዕራፍ ምን እንደሆነ ተምሬዋለሁ። ሁለት ወር ሙሉ መድኃኒት ወስዳለች ማለት ነው።

«መሠረት» አልኩ።

ዞራ አየችኝ። ከዚያ ጀርባዬ ላይ ያለችውን አየች።

«ኢክራምም?» አለች።

«ኢክራምም።»

በረንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ቤቱን ዘጋሁት እኮ። እንዳወቅኩ ነው የዘጋሁት። አከራዬ ምናምን ያልኳችሁ ለዚያ ነው።»

«አቦ ለኔ ለብቻዬ መንገር አቃተሽ?»

«ከተሰማ ኮሌጁ ከሆስፒታል ፕራክቲካሉ ያወጣኛላ። ያለ ፕራክቲካል ሲኦሲ የለም። ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድገው፣ ታውቂያለሽ።»

«እዚህ ከማን ጋር ትውያለሽ ብለው አልጠየቁሽም?»

«ቤት ያሉትን ነገርኳቸው። ልጆቼ ተመርምረዋል፣ መከላከያም ጀምረዋል።» ድምጿ ቀነሰ። «ብቻዬን ነው የማጠናው አልኩ።»

ስለ ልጆቿ ባትነግረኝ ይሻል ነበር።

«የኔዋ ደረትሽ ላይ ነበር የምትተኛው» አልኳት።

ሲስተሯ ኢክራምን ለመመዘን ጠራችን፤ ስንወጣ መሠረት ሄዳለች።

ከእሷ ነው የያዘን ብዬ መማል አልችልም። ፕራክቲካል ላይ እኔም ብዙ የሚስል ሰው አገላብጫለሁ። ግን እያወቀች ዝም ያለችው ሁለት ወር የልጄ ነበር። እሱን ነው መዋጥ ያቃተኝ፤ ኪኒኑንስ ዋጥኩት።

ኮሌጁ ከፕራክቲካል አወጣኝ። እኔ ተናግሬ ነበርና። «ሲሻልሽ ከሚቀጥለው ባች ጋር» ተባልኩ። ሆዮ የምንላት የጀማል እናት ሙአዝን ወደ ራሷ ቤት ወሰደችው፤ ሄጄ ሳየው ከበሩ አታሳልፈኝም። «ሰው ላክም ብለሽ ሄደሽ ቤትሽን አሳመምሽ» አለችኝ፣ ጎረቤት እየሰማ። ሙአዝ ከእሷ ኋላ ቆሞ በእጁ ሰላም አለኝ።

መዳን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። በመጀመሪያ ሳምንታት መድኃኒቱ ራሱ ያሳምማል፤ ያቅለሸልሻል፣ መገጣጠሚያ ያማል፣ ሽንት እንደ ብርቱካን ጭማቂ ይሆናል፣ ባልተማር ኖሮ ደም መስሎኝ እጮህ ነበር። የኢክራም ኪኒን ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነው፤ በየጠዋቱ በማንኪያ አሟምቼ፣ እሷ ጭንቅላቷን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች፣ ጀማል የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ልብሱን ሳይቀይር እየዘፈነላት፣ ግማሹ አንገቷ ላይ እየፈሰሰ እናጠጣታለን። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ የሙአዝን ድርሻ ፓፓያ ከሳህኑ አንስታ ስትሮጥ አየኋት፤ ሙአዝ መከላከያውን እየወሰደ ወደ ቤት ተመልሶ ነበርና እያለቀሰ አሳደዳት፣ እኔም ልቆጣት ተነስቼ መቆጣቱ አቅቶኝ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ሲስተሯ ጮክ ብላ ኪሎዋን የምትናገርበትን ቀን እንደ በዓል እንጠብቀው ጀመር። መድኃኒቱን ስትጨርስ ራጁ ንጹሕ ሆነ። የኔም።

ያችን ሲስተር አመሰግናታለሁ፤ አንድም ቀን ፊቷን አዙራ አላናገረችኝም። ጀማልን አመሰግነዋለሁ፤ ሰው ሁሉ «ወደ ቤተሰቧ ይላካት» ሲለው ሥራ እየገባ ልጅ አጥቧል። ሆዮንም አመሰግናታለሁ፤ ያለችኝን አልረሳሁም፣ ግን ሙአዝን አብልታዋለች።

ለእናንተ የምለው ይኸው ነው። ላቡን በአየሩ፣ መክሳቱን በጥናቱ፣ ሳሉን በአቧራው አታሳብቡ። ምርቃናው ይሰበር፣ መስኮቱን ክፈቱ። መድኃኒቱን ሲሻላችሁ አታቁሙት፣ እስከ መጨረሻው ዋጡት። ቲቢ ከተገኘባችሁ ደግሞ አብሯችሁ የሚውለውን ሰው ስም ተናገሩ። ያስወጧችኋል፣ ያገልሏችኋል፣ እኔ ላይ ደርሷል፤ ቢሆንም ተናገሩ። የሌላ ሰው ልጅ አለበት።

እኔ ዘግይቼ ተመረቅኩ። መሠረት በጊዜዋ ተመርቃ ሥራ ይዛለች። ባለፈው ቀፊራ ገበያ ተገናኘን። ኢክራም ቀሚሴን ይዛ ትዘላለች፣ ጉንጯ ሞልቷል። መሠረት ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እጇን ዘርግታ ጎንበስ አለች። ኢክራም አላወቀቻትም።

«ማናት?» አለችኝ።

«አብራኝ የተማረች ናት» አልኩ።

ሰላም በያት ግን አላልኳትም።