ለእትዬ ዓለሚቱ ሳይነገራት የቀረው

ለእትዬ ዓለሚቱ አንድ ተራ ቀን ስንት አቅም እንደሚጨርስባት ልንገራችሁ። ጠዋት አንድ ጀሪካን ውሃ ካመጣች እስከ ረፋድ ጋደም ትላለች። ጌሾዋን ይዛ ንፋስ መውጫ ገበያ ከወረደች ምሳ አትቀምስም፤ ከበላች ሆዷን ይቆርጣታል፣ ወደ መጸዳጃ ስትሮጥ ደንበኛ ያመልጣታል። የተረፈ አቅም ካላት የኔ ሕፃን ይወስደዋል፤ ጎረቤቷ ነኝ፣ ሳታቅፈው አትውልም።

አምና ሰገራዋ ላይ ደም ሲታያት ጎንደር ወስደው ያስመረመሯት ታናሽ ወንድሟ መሪጌታ ተክለ ማርያም ናቸው፤ ቤተ ልሔም ገዳም የድጓ ዜማ ያስተምራሉ። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። «ኪንታሮት ነው፤ ጠበል ይበቃል» አሏት። አመነች። ወንድም ናቸው፣ መሪጌታ ናቸው፤ ማን ይጠረጥራል?

ዘንድሮ ደሙ ባሰ። ሦስታችንም ተያይዘን ሄድን።

አምና የመረመራት ዶክተር በረከት ገና ሲያያት፣ «ምነው እናቴ፣ ምነው ቆያችሁ?» አለ። «የአንጀት ካንሰር መሆኑን አምና ወንድምዎን ወደ ውጭ ጠርቼ ነግሬያቸው ነበር እኮ! ያኔ ትንሽ ነበር፣ ቆርጠን እናወጣው ነበር።»

መሪጌታ መሬት መሬቱን አዩ። «ደንግጠሽ እንዳትሞቺብኝ ብዬ ነው። መርዶ እንዲያው በድንገት አይነገርም።»

«መርዶ የሚባለው ሰው ሲሞት ነው። ሞቼልህ ነበር?» መሪጌታ ከሆኑ ወዲህ «አንተ» ስትላቸው የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «እሱስ ሰው ነው። የገዛ አንጀቴ ምነው ከዳኝ? በሚገባኝ ንገረኝ ልጄ። ለሱ ሳይሆን ለኔ።»

ዶክተሩ ወንበሩን ሳብ አደረገ። «እያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አለ በሉ። ዋናው ከዕቃ ቤት አይወጣም፤ ወጥቶ የሚነበበው ቅጂው ነው፣ ሥራውም በተነበበው ልክ ይሠራል። ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ ትንንሾች ደግሞ አንዳንዱን ቅጂ ይዘው እንዳይነበብ ያደርጉታል። ጤነኛ አንጀት ውስጥ፣ ተባዛ የሚለው ቅጂ ከልክ ሲያልፍ ዝም ያሰኙታል። ካንሰር ሲመጣ እነዚህ ያንሳሉ። ሌሎች ትንንሾች ደግሞ ይበዙና፣ ቁም የሚለውን ቅጂ ዝም ያሰኙታል። ሕዋሱም ማቆሚያ ያጣል።»

አሥረኛ ክፍል ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ዲ ኤን ኤ፣ ተምሬያለሁ፤ ይህን ግን ሰምቼ አላውቅም። እሷ ግን ከኔ ቀድማ ገባት።

«መሰማት ያለበትን ዝም አሰኙት በለኛ!» አለችና ወንድሟን አየቻቸው። «ተማሪህ ዜማ ሲስት ዝም ትለዋለህ?»

«ኧረ አልለውም።»

«እኔንስ?»



«በነዚህ ትንንሾች በኩል ማከም አይቻልም?» ብዬ ዶክተሩን ጠየቅሁ።

«ገና ምርምር ላይ ነው። ለጊዜው በመድኃኒት እብጠቱን እናሳንሰው፤ ካነሰልን ቀዶ ጥገናውን እንሞክራለን።»

ካነሰልን አለ እንጂ አይሆንም አላለም፤ እኔ እሱን ይዣለሁ። ጎንደር ስንመላለስ መሪጌታም ይከተሉናል፣ ግን ክፍሉ በር ላይ ይቀራሉ። እኔን እያሳየች «ትርሲት ትበቃኛለች» ትላለች። ይቅር አላለቻቸውም፤ እኔም በይ አልላትም።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት። «እንዲህ በያቸው» አለችኝ፦ «ከቤታችሁ ደም የሚታየው ሰው ካለ፣ ኪንታሮት ነው እያላችሁ አታስቀምጡት፤ ወስዳችሁ አስመርምሩት። ሐኪሙ ለብቻችሁ ወደ ውጭ ከጠራችሁ ግን አትውጡ። ታማሚው እየሰማ ይንገራችሁ።»