ሽማግሌ የላክሁበት ቴአትር

ቴአትር ልማር ውጭ አገር ልሄድ መሆኑ ሲሰማ፣ ናዝሬት ሰፈራችን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያዘነው ለእናቴ ነበር። «ልጅቷ ደህና ውጤት አምጥታ አልነበር እንዴ?» ይሏታል። እናቴ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ፔንሲዮን አላት። በጅቡቲ መስመር የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ ያውቃታል። «ስኮላርሺፕ ነው፤ ነፃ ነው» ትላቸዋለች። ነፃ የተባለ ነገር ላይ ማን ይከራከራል?

አባቴ ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ነው። ሳምንቱን የሰው ኮንቴይነር ከጉምሩክ ሲያስለቅቅ ይሰነብትና እሁድ እሁድ ለትዳር ጥያቄ ሽማግሌ ሆኖ ይላካል። ከደራ እስከ ቡልቡላ እሱ ቆሞ ልጅ ያልጠየቀበት ሳሎን ያለ አይመስለኝም። እኔን ሲሸኝ ያለኝ ነገር አጭር ነበር። «ከተማርሽው አይቀር በደንብ ተማሪው።»

ሃንጋሪ የደረሰኝ ትምህርት ቤት ከቴአትሩ ይልቅ የቴአትርን ታሪክ የሚወድ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት መድረኩ ከምን እንጨት ይሠራ እንደነበር፣ ጭንብሉን ማን ያደርግ እንደነበር፣ የሴቷን ቦታ ለምን ወንድ ይጫወተው እንደነበር ስናጠና ከረምን። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። የድሮ ተመልካች ለውዝ እየቆረጠመ ተዋናዩን ይሰድብ፣ ሲብስበትም መድረክ ላይ ይወጣ እንደነበር ሳነብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። የእኛ ስታድየም ሕዝብ ማለት አይደል?

ግን እኔ የሄድኩት መድረክ ላይ ቆሜ ልናገር ነው። የትምህርት ቤቱ ደንብ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ተማሪው አንድ ቴአትር ያሳያል። እዚያ ላይ የሚናገር ሚና ያገኘ በሚቀጥለው ዓመት ትወና ክፍል ይገባል፣ ያላገኘ ታሪክ ክፍል ይመደባል። ታሪክ ክፍል ምንም አይወጣለትም፤ ጸጥ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ጥሩ ወንበር ያለው ቦታ ነው። እኔ ግን ዝም ብዬ የምቀመጥ ፍጥረት አይደለሁም።

የዚያን ዓመቱን ድርሰት ክፍላችን ራሱ፣ ከተማርነው ታሪክ ተነስቶ ነው የጻፈው። በጋሪ ከከተማ ከተማ የሚዞሩ የድሮ ተዋናዮች አንዲት ከተማ ገብተው ማደሪያ ይጠይቃሉ። የማደሪያው ባለቤት ቁጡ ሴት ናት። ሂሳብ በቅድሚያ ትቀበላለች፣ በፈረሶቻቸው ትነጫነጫለች፣ የማይረባውን ክፍል ትሰጣቸዋለች፣ በኋላ ግን ልምምዳቸውን በበር ቀዳዳ ስታይ ታለቅሳለች። አንብቤ ስጨርስ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። እናቴ ናታ! «ውሃውን ዝጉት» የምትለው ብቻ ነው የቀረው። ይህችን ሴት ከእኔ በቀር ማንም ሊጫወታት እንደማይችል ወዲያው ገባኝ።

ሰኞ ጠዋት መምህራችን ሚና ሊያከፋፍሉ ገቡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጥቂት የሚናገሩ። የማደሪያው ባለቤት ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይህችን አንቺ ብትጫወቻት ምን ይመስልሻል?»

ልቤ ዘለለ። አፌ ደግሞ እንዲህ አለ። «አይ፣ እኔ እንኳን ይቅርብኝ። ከእኔ የተሻሉ አሉ።»

ምን ልበል ታዲያ? ገና ሲጠየቅ እሺ የሚል ሰው እኛ ዘንድ ዓይን አውጣ ነው። እሳቸው «ኧረ ግድ የለሽም» ሊሉኝ፣ እኔ ትንሽ ላንገራግር፣ ሦስተኛ ሲለምኑኝ አንገቴን ደፍቼ «እንግዲህ ካሉ» ልል ነበር። እንዲያውም አንገቴን መድፋት ጀምሬ ነበር።

«እሺ» አሉ መምህሩ። አጠገቤ ለተቀመጠው ፖላንዳዊ ልጅ ሰጡትና ገጹን ገለጡ።

እሺ! ቀኑን ሙሉ በንዴት ስንጨረጨር ዋልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው አንዴ ጠይቆ የሚተው? የናዝሬት ባጃጅ ነጂ እንኳ እምቢ ስትለው ተከትሎ ይለምንሃል። ንዴቱ ሲበርድልኝ ደግሞ ፈራሁ። ዓመቴ በአንዲት ትሕትና ሊያልቅ ነው።

ማታ ቤት ደወልኩ። ድምፄን ስትሰማ እናቴ «ማል ታቴ?» አለች፤ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። የደራ ልጅ ናት፤ ስትደነግጥ ኦሮምኛው ይቀድማታል። ምን እንደሆንኩ ስነግራት ተረጋጋች።

«ደግ አደረግሽ፤ ጨዋ ልጅ እንደዚያ ነው የምትለው» አለችኝ።

«እማዬ፣ ሚናው እኮ ሄደ!»

አባቴ ከጎኗ ሆኖ ሲስቅ ይሰማኛል። «ታዲያ ሽማግሌ ላኪባቸዋ» አለ።

እየቀለደ ነበር። እኔ ግን «ስንት ሰው? ማን ነው ንግግሩን የሚጀምረው?» ብዬ ስጠይቀው ሳቁን ተወና እንደ ሥራ ያዘው። «ሦስት ይበቃሉ። ዘለው ጉዳዩ ላይ እንዳይገቡ። መጀመሪያ ጤና፣ ከዚያ ዝናቡን፣ ከዚያ ከብቱን ይጠይቁ። ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይበሉ። አንቺ እዚያ እንዳትታዪ።»

በማግስቱ ምሳ ላይ ለፖላንዳዊው ልጅ እውነቱን ነገርኩት። እስኪያንቀው ሳቀ። እሱ ቀድሞም የጋሪ ነጂው ሚና ደርሶታል፤ «ውሰጂው» አለኝ ወዲያው። ችግሩ፣ ተማሪ ከተማሪ ሚና መለዋወጥ ክልክል ነው፤ የሚቀይሩት መምህሩ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ልጁን የሽማግሌዎቹ አለቃ አደረግሁት። አንዲት ብራዚላዊትና አንድ ቬትናማዊ ጨመርኩ። ሴት ሽማግሌ መላኬን ለአባቴ አልነገርኩትም። የተማሪዎች ማደሪያችን ኩሽና ውስጥ አለማመድኳቸው፣ የአልጋ ልብስ እንደ ጋቢ አለበስኳቸውና ወደ መምህሩ ቢሮ ሰደድኳቸው። እኔ በሩ አጠገብ፣ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ መምህሩ።

«አንቀመጥም» አለ ፖላንዳዊው። «ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ።»

«ዝናቡስ?»

መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው ሳያዩ አልቀሩም። «እየዘነበ ነው።»

«ከብቶችዎስ?»

እስክሪብቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። «አንዲት ድመት አለችኝ» አሉ በመጨረሻ። «ደህና ናት።»

«ተመስገን!» አለች ብራዚላዊቷ በአማርኛ። ያስጠናኋት አማርኛ ያንን ብቻ ነበር። እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ የሹራቤን እጅጌ ነክሻለሁ።

«ልጆች፣ አድማ ነው ይሄ?» አሉ መምህሩ።

ያኔ ፖላንዳዊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት ልጅ አለች። እኔ የያዝኩትን ሚና ትፈልገዋለች፤ እኔም ልለቅላት ፈቅጃለሁ። ሰኞ እምቢ ያለችው ስላልፈለገች አይደለም፣ ጨዋ ስለሆነች ነው። ደግመው ሊጠይቋት ይገባ ነበር።»

ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ እግር ሲራመድ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። ጆሮዬን እንደቀሰርኩ ፊት ለፊት ተፋጠጥን።

«የሚሉት እውነት ነው?» አሉኝ።

አባቴ ይህን አላስጠናኝም። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት ልጅቷ አትጠየቅማ! «እርስዎ እንዳሉ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ብናገረው እሺ ብለው በሩን ይዘጉታል። የእሳቸውን እሺ እንደሆነ አውቄዋለሁ።

«እፈልጋለሁ» አልኩ። ሳላስበው ጩኸት ሆኖ ወጣ፤ ኮሪደሩ ጫፍ የተቀመጠችው ጸሐፊ ቀና አለች። «በጣም እፈልጋለሁ። ሰኞም እፈልግ ነበር።» ሰው ቤት ገብቼ ሳይቀርብልኝ የቆረስኩ ያህል አፈርኩ፤ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ግን ወጣልኝ።

መምህሩ በሩን ይበልጥ ከፈቱት። «ለመሆኑ ስንቴ ነበር መጠየቅ የነበረብኝ?»

«ሦስቴ።»

«ልምምዱ ነገ ጠዋት ነው» አሉ። «እንዳታረፍጂ።» ወደ ውስጥ ዞረው ሦስቱን በቃችሁ ሂዱ ሲሏቸው ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበረበት።

ቤት ስደውል እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ተኝተው የነበሩ ሹፌሮች ምን ተፈጠረ ብለው ከየክፍላቸው ወጡ። የምጫወታት ነጭናጫ ሴት እሷን እንደምትመስል ስነግራት ደግሞ «እኔ እነጫነጫለሁ እንዴ?» ብላ ተቆጣች። ቀጥሎ አባቴ ስልኩን ተቀበለ። ቴአትሩ በኢንተርኔት በቀጥታ እንደሚተላለፍ፣ የሚያይበትን ሊንክ እንደምልክለት ነገርኩት።

«አይ፣ ግድ የለም» አለ። «ኔትወርኩም እንደምታውቂው ነው። አትድከሚ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

መምህሬ ቢሆኑ እሺ ብለው ይተዉት ነበር።

«እንድታየኝ ፈልጌ ነው» አልኩት።

«ያን ቀን ሥራም አይጠፋም፤ ኮንቴይነር ሊገባ ይችላል።»

«አባዬ፣ በሞቴ።»

ከበስተኋላው የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማኛል። ትንፋሹም ይሰማኛል።

«እንግዲህ ካልሽ» አለ። ከዚያ ፈጠን ብሎ፣ «በእኛ ሰዓት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።