የሪሞቱ ሁለተኛ ቁልፍ

ባለፈው እሁድ ቤሩት፣ ዶራ ካለችው ሱቄ አንዲት ልጅ መጣች። ሱቅ ስላችሁ ሰፊ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚከራከረኝ። ቻርጀር፣ የስልክ ልባስ፣ ባትሪና ሪሞት እሸጣለሁ። ልጅቷ ከጃኬቷ ኪስ ሁለት ቁልፍ ያለው የጋራዥ ሪሞት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ማዳሜ ኮፒ አስደርጊልኝ ብላ ነው» አለችኝ። ከዚያ በጣቷ እየነካካችው፣ «ግን እትዬ፣ ላይኛው በሩን ይከፍታል። ታችኛው ምንም አይሰራም። ለምን ተቀመጠ?»

«ለጌጥ» አልኳት። ነጋዴ መልሱን ሲያስረዝም ደንበኛው ይቀዘቅዛል።

ሳቀችና ስልኳን ማየት ጀመረች። እኔ ሪሞቱን በትንሿ ካቻቪቴ ልከፍተው አነሳሁት፤ አውራ ጣቴ ግን ማንም ሳያዘው ሄዶ ታችኛው ቁልፍ ላይ ተቀመጠ። ጣት ከሰው ይልቅ ያስታውሳል መሰለኝ።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው። ከአሠሪዬ ቤት ወጥቼ በራሴ የምሠራ፣ ወረቀት የሌለኝ፣ ምላስ ግን ያላነሰኝ ልጅ ነበርኩ። ዛልቃ ውስጥ፣ ከአውራ ጎዳናው ገባ ብሎ ባለ አንድ ረጅም ሕንጻ ጣሪያ ላይ አንዲት ክፍል ነበረችኝ። ኪራይዋ የሕንጻውን ደረጃ ማጠብ ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ዶራ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አጸዳለሁ። ባለሱቁ የጋራዥ በር ለሚገጥሙ ሰዎች ሪሲቨር ሲሸጥ አሠራሩን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያሳያቸዋል። እሱ ያስተምራል፤ እኔ መወልወያዬን ይዤ ያንኑ አንድ ቦታ ደጋግሜ እወለውላለሁ። ያ ሱቅ በዚያ በኩል ብቻ እንደ መስታወት የሚያበራው ለዚህ ነበር።

ሪሲቨር ማለት የልብስ ሳሙና የምታክል፣ የሪሞቱን ምልክት ተቀብላ በሩን የምታዝ ሣጥን ናት። ውስጧ አንዲት ትንሽ ቁልፍና አንዲት ቀይ መብራት አለች። ቁልፏን ነካ ስታደርጓት መብራቷ ይበራል፤ «እየሰማሁ ነው» ማለቷ ነው። ያን ጊዜ የሪሞቱን ቁልፍ ስትጫኑ ትጠቅሳለች፤ «አወቅኩህ» ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲያ አትረሳም። ነገር ግን ትንሿን ቁልፍ ጣታችሁን ሳታነሱ ረዘም አድርጋችሁ ከያዛችኋት የምታውቀውን ሁሉ ትረሳለች፤ የሕንጻውን ባለቤት እንኳ። ደግሞ ሁለት መስመር አላት። አንደኛው በሩን ይከፍታል። በሁለተኛው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሽቦ የሚያስር የለም። የተከፈለበት ዕቃ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ያኔም አንጀቴን ይበላው ነበር።

የእኛ ሕንጻ መሃሉ ላይ ከጣሪያ እስከ ምድር ቀጥ ብሎ የሚወርድ የአየር ክፍተት ነበረው፤ ማንዋር ይሉታል። የኩሽናዎቹ መስኮቶች ሁሉ ወደዚያ ነው የሚያዩት። በየፎቁ የሚሠሩት ልጆች አብዛኞቹ የወሎ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ድስት እያጠቡ በዚያ ክፍተት ያወራሉ። ድምፅ ለድምፅ ይተዋወቃሉ፤ መልክ ለመልክ ግን አይተያዩም፤ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ በሩም ይቆለፋል። ሉባባ ለእኔ ከአምስተኛ ፎቅ የሚወርድ ሳቅ ነበረች። ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቆሻሻ ለመጣል እንኳ ደጅ አትወጣም።

ሮመዳን ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ገባ። ዛልቃ የቤተ ክርስቲያን ደወል እንጂ አዛን የሚሰማበት ሰፈር አይደለም። ልጆቹ ስልክ የላቸውም፤ ማዳሞቹ ወስደውታል። ስለዚህ የማፍጠሪያው ሰዓት በግምት ሆነ፤ ማንዋሩ ሲጨልም መሸ ማለት ነው። አንድ ቀን ከባድ ደመና መጣ። ሉባባ መሸ ብላ ውሃ ጠጣች። ትንሽ ቆይቶ ደመናው ተገለጠና የማንዋሩ ጫፍ ላይ ፀሐይ ቢጫ ሆና ተለጠፈች። ያን ቀን ከአምስተኛ ፎቅ የወረደው ሳቅ አልነበረም።

«ቀኔን በላሁት እት ፋንቱ» አለችኝ። «ፀሐይዋ አሾፈችብኝ፣ ወላሂ።»

እኔ ክርስቲያን ነኝ። ቢሆንም ወሎ ተወልዶ ሮመዳንን በሩቅ የሚያውቅ የለም። የእናቴ እህት ፋሲካን ከእኛ ጋር፣ ኢድን ከባሏ ቤተሰብ ጋር የምትውል፣ በሁለቱም ወገን ሥጋ የማያመልጣት ሴት ነበረች። የሉባባ ልቅሶ ጣሪያ ድረስ ተከተለኝ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የማስበው ዕቃ ነውና ያቺ ሥራ ፈት ሁለተኛ መስመር ትዝ አለችኝ።

ሃያት የምትባል ጓደኛዬ ራስ ቤሩት ነበር የምትሠራው፤ ከኩሽናዋ አዛን ይሰማል፣ የራሷ ስልክም አላት። አዛን ሲል ሚስኮል እንድታደርግልኝ ተስማማን። ዶራ ካለ ጋራዥ የተጣለ የመኪና የኋላ መብራት አገኘሁ፤ ቀይ መስታወቱ ጫፉ ላይ ብቻ ተሰንጥቋል። ከሕንጻችን ጋራዥ በር ሪሲቨር ሁለተኛ መስመር ሽቦ ስቤ መብራቱን ማንዋሩ ሥር አሰርኩት፤ ከሱቁ ያገኘሁትን አሮጌ ሪሞትም ሁለቱንም ቁልፍ አስተማርኳት። የሕንጻው ናጡር፣ ማለት ዘበኛውም ጠጋኙም እሱው የሆነው አቡ ሰሊም፣ ሽቦውን ስዘረጋ ደረሰብኝ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለውሃው ነው» አልኩት።

«ያኒ?»

«ያኒ ሲበራ ውሃ ጠጡ ማለት ነው።»

አቡ ሰሊም ከሶርያ፣ ከሐለብ ገጠር የመጣ፣ እሱም የሚጾም ሰው ነው። ጺሙን አሻሸና እንዳላየ ሆኖ ሄደ።

በመጀመሪያው ምሽት ከበሩ አጠገብ ቆሜ ስልኬን እንደ እንቁላል ይዤ ጠበቅኩ። ጠራ፤ ተቋረጠ። የሪሞቴን ሁለተኛ ቁልፍ ተጫንኩ። የማንዋሩ ሥር ቀላ። ከላይ እስከ ታች ቧንቧ ተከፈተ፣ ማንኪያ ተንኳኳ፣ «ቢስሚላህ» በየፎቁ ተንሾካሾከ። ልቤ እንደዚያን ቀን ዘልላ አታውቅም፤ ሱቅ የከፈትኩ ዕለት እንኳ።

«ሙአዚናችን ክርስቲያን ናት» አለች ሉባባ ከላይ። «አታርፍድ እንጂ፣ ሌላው አይገደንም።»

ወሩ እንዲህ አለቀ። በመጨረሻው ሳምንት ሉባባ ማዳሟን ለኢድ ልውጣ ብላ ለመነቻት። ሴትዮዋም፣ «ኢድሽ ሐሙስ ከሆነ ውጪ። ዓርብ ከሆነ ግን የለም፤ ዓርብ ተራራ ላይ ወዳለው ቤታችን እንሄዳለን፣ አንቺም ከእኛ ጋር ነሽ። ረቡዕ ማታ እራት ሳይቀርብ ቁርጡን ንገሪኝ» አለቻት። ቁርጡን የምታውቀው ደግሞ ጨረቃ ናት። ምልክት ተስማማን፤ አንድ ረጅም ብርሃን ከሆነ አፍጥሩ፣ ሦስት አጭር ከሆነ ነገ ኢድ ነው። ሃያትም ጨረቃ መታየቷን ስትሰማ ሦስት ጊዜ ሚስኮል ታደርግልኛለች።

«ሦስቱን ካላየሁ፣ ኸላስ፣ የለም ብዬ እነግራታለሁ» አለች ሉባባ።

«ጨረቃዋን እኔ አላወጣትም።»

«አንቺ መብራትሽን አውጪ። ጨረቃዋን አላህ ያውቃል።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከዶራ በቫን ስመለስ ክላክሱ ከሩቅ ይሰማል። አደጋ ነው ስል፣ ለካ ከእኛው ጋራዥ በር ተነስቶ አውራ ጎዳናው ድረስ የወጣ የመኪና ሰልፍ ነው። አቡ ሰሊም የሪሲቨሯን ክዳን በእጁ ይዞ ዝናብ ሳይዘንብ ረጥቧል። ለአዲስ ተከራይ ሪሞት ሲያስተምር አንዱ ከላይ ጠራው፤ እሱ ቀና ብሎ ሲመልስ ጣቱ ትንሿ ቁልፍ ላይ ቀረ።

«ሁሉንም ረሳች» አለኝ። «እኔንም ረሳችኝ፣ በየቀኑ የምወለውላትን።»

ሪሞቴን አውጥቼ ሁለተኛውን ቁልፍ ተጫንኩ። ማንዋሩ ጨለማ ነው። ፀሐይዋ ከባሕሩ በላይ አንድ ክንድ ቀርቷታል። በሩን የገጠመው ድርጅት «ነገ ሰው እንልካለን» ብሏል። ነገ ለእኔ ምን ይሠራል?

«ሣጥኗን ለእኔ ተውልኝ» አልኩት። «አንተ በየቤቱ ደውልና ሪሞቶቹ ሁሉ እዚህ ይውረዱ። አንድ በአንድ ካላየቻቸው አታውቃቸውም፤ ሁሉም ሳያልቅ በሩ አይነካም።»

ደወለ። ይህን ሳዝዝ ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ማን ይዞ እንደሚወርድ ነው። ማዳሞቹማ በቤት ጫማ ጋራዥ አይወርዱም። የተላኩት ልጆቹ ናቸው። አንዷ እጇ ዱቄት እንደሆነ፣ አንዷ ሽርጧን እየፈታች፣ አንዷ የሕጻን ጫማ በብብቷ እንደያዘች፣ በደረጃው ግልብጥ ብለው መጡ። መጡና ቆሙ። ለስንት ጊዜ በድምፅ የኖሩ ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ መጀመሪያ ያፍራሉ።

«አንቺ ነሽ የሦስተኛ ፎቋ ሳላም?» አለች ባለዱቄቷ።

«እኔ ነኝ። አንቺ ግን በድምፅሽ ቀጭን ነበርሽ።»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። እኔ ሣጥኗን እነካለሁ፤ እነሱ ተራ በተራ ይጫናሉ፤ ቀይዋ ትጠቅሳለች፤ ወሬው እንደ ሽሮ ይንተከተካል። አንደኛውን ቁልፍ ለበሩ። «ሁለተኛውንም አምጪው» እላለሁ፤ እሱን ደግሞ ለመብራቱ፤ የራሴንም በመሃል አስገባሁ። እስከዚያ ቀን መብራቱን የማበራው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማዳሞቹ ሁለተኛውን ቁልፍ እንደሆነ ነክተውት አያውቁም።

ሉባባ ብቻ ቀረች። ቀና ስል ከአምስተኛ ፎቅ በረንዳ የአትክልቱ ቅርጫት በገመድ ይወርዳል፤ ቅርጫቱ ውስጥ ሪሞቱ ብቻውን ተኝቷል። የሉባባ ማዳም ናት፣ ሰው ከመላክ ገመድ መላክ የቀለላት ሴት። ሪሞቱ ጤነኛ ነው፤ አንዴ ብነካው ሣጥኗ ትቀበለዋለች። መልሼ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጥኩት።

«ፓርዶን ማዳም» ብዬ ጮህኩ። «ይሄኛው አስቸጋሪ ነው። እኔ ሣጥኗን ስይዝ ሌላ ሰው እሱን መያዝ አለበት።»

«አቡ ሰሊም ይያዘው።»

ዞር ስል አቡ ሰሊም ንቅንቅ የማይሉትን መኪኖች በሁለት እጁ «ና፣ ና፣ ቁም» እያለ ማስተናገድ ጀምሯል። ሰልፉ ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸው ክላክስ የሴትዮዋ ባል ነበር። ቅርጫቱ ወደ ላይ ተሳበ።

«ያላ፣ ሉባባን ልኬያታለሁ። ቶሎ ትመለስ።»

ሳቋ ትልቅ ስለሆነ ትልቅ ሴት ጠብቄ ነበር። የወረደችው ትከሻዬ ላይ የማትደርስ ልጅ ናት። ጋራዡ አፍ ላይ ስትደርስ ወለሉን በእግሯ ጣት ሞከረችው። ያን ጊዜ ስልኬ ጠራ፤ ተቋረጠ። ሃያት ናት።

«መግሪብ ነው» አልኩ።

ከየኪሱ የወጣውን ብታዩ። ቴምር፣ ግማሽ ሳምቡሳ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ከማዳም ሰሃን የተረፈ የወይራ ፍሬ። ሉባባ ቴምሯን ይዛ ቆመች።

«መብራቱን አብሪው እንጂ» አለችኝ። «ያለ እሱ አይወርድልኝም።»

«ራስሽ አብሪው።» ሪሞቷን አስተማርኩላት፤ ሁለቱንም ቁልፍ። ተጫነች። ማንዋሩ ሥር ሄደን በቀዩ ብርሃን ወደ ላይ አየን። ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚያዩት ልጆች የየራሳቸውን የኩሽና መስኮት ከሥር ሆነው በጣት ይፈልጉት ጀመር። አፋቸው ሞልቶ ይስቃሉ። ክላክሱ ይጮኻል።

በሩ ተከፈተ፣ መኪኖቹ ገቡ፣ ልጆቹ ወደየፎቃቸው ወጡ። አሁን የቀረችው ጨረቃዋ ናት። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስልኬን ጠበቅኩ፤ አቡ ሰሊም የምስር ሾርባውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ከላይ ሰሃን ሲደረደር ይሰማል፤ እራት ሊቀርብ ነው። ስልኬ ጠራ፤ ተቋረጠ። እንደገና ጠራ፤ ተቋረጠ። ከዚያ ዝም አለ። አቡ ሰሊም ማንኪያውን አየር ላይ ያዘ። የሃያት ስልክ ባትሪው የአሮጊት ጉልበት እንደሆነ አውቃለሁ።

ሦስተኛው መጣ።

ተጫንኩ፣ ለቀቅኩ፤ ተጫንኩ፣ ለቀቅኩ፤ ተጫንኩ። እጄን ካነሳሁ በኋላ መብራቱ በራሱ ብልጭ አለ። እንደገና ብልጭ አለ። ከዚያ ልጆቹ ከየኩሽናው በየሪሞታቸው እየተቀባበሉ ማንዋሩን የሠርግ ቤት አደረጉት። ከአምስተኛ ፎቅ ያ ሳቅ ወረደ፤ ተከትሎም በአረብኛ፣ «ማዳም፣ ቡክራ። ነገ ነው።»

ሐሙስ ጠዋት ሉባባ ነጭ ሻሽ ለብሳ ወረደች። በትንሿ በር ልትወጣ ስትል የራሴን ሪሞት ለአፍታ አቀበልኳት። አንደኛውን ተጫነች፤ ያ መኪና የሚያስገባ ብረት ሁሉ እየተንኳኳ ወደ ጎን ሄደ።

«ይሄ ሁሉ በር ለእኔ ነው?» አለች። በመሃሉ፣ በዝግታ አለፈች።

ሱቄ ውስጥ የቆመችው ልጅ ስልኳን ወደ ኪሷ መለሰች። ዛሬ ሁሉም ስልክ አለው፤ አዛኑም እዚያው ውስጥ ነው፣ መብራት የሚያበራ አያስፈልግም። ጥሩ ነው። የሠራሁላትን ኮፒ ሰጠኋት።

«ሁለቱንም ቀድቼልሻለሁ።»

«ታችኛው አይሠራም አላልሽም?»

«አይሠራም ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ለጌጥ ነው ያልኩሽ።»

ያ የድሮ ሪሞቴ ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ባትሪውን እቀይርለታለሁ። ማታ ማታ ቫኑ በዛልቃ በኩል ሲያልፍ ያ ሕንጻ ከሩቅ ይታየኛል። የሪሞቱ ምልክት ከአውራ ጎዳናው እዚያ እንደማይደርስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የምሸጠው ዕቃ ነው። ሰዓቱ መግሪብ ከሆነ ግን እጫነዋለሁ።